ሴቷን ማን ይወስዳታል?

«እኔ በእጄ አላስደርግም። አንቺ መጥተሽ ከወሰድሻት ግን አልከለክልሽም። ኃጢአትም ከሆነ በአንቺ ይሁን።»

ይህን ያሉኝ ሽሮ ሜዳ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። በቁጣ አልነበረም። እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ ሁለተኛውን ቡና እንድጠጣ እየጋበዙኝ ነው ያሉት። ነገሩ ስለ አንዲት ግልገል ድመት ነበር። ድመቷ ዛሬ ደህና ናት። ንግግሩ ግን ከውስጤ አልወጣ አለ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ይመጣብኛል፤ ማታ ሳፋ ሳጥብ ይመጣብኛል።

የጎዳና ድመቶችን ቤቴ አስገብቼ እንደማሳድግ የሚያውቁ ሰዎች የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። «አይሸትሽም?» «እንቅልፍ ታገኛለሽ?» «አሳድገሽ ስትሰጫቸው አንጀትሽ እንዴት ይችላል?» ሁሉንም እመልሳለሁ። የእኔ ቤት ለጊዜው የሚያርፉበት ነው። ግልገሎቹ ይመጣሉ፣ ይጠነክራሉ፣ ይከተባሉ፣ ከዚያ ቋሚ ቤት ወደሚሰጣቸው ሰው ይሄዳሉ። ቦታው ሲለቀቅ ሌሎች ይመጣሉ። የመጡትን ሁሉ ለራሴ ባስቀር ቀጣዮቹ ደጅ ይቀራሉ። ስለዚህ መስጠቱ ያን ያህል አይከብደኝም። የሚከብደው ለማን፣ በምን ቃል እንደምሰጥ ነው።

## ከቆጣሪው ክፍል

ክረምት ነበር። የኮንዶሚኒየማችን ጥበቃ ደረጃ ሥር ካለው የቆጣሪ ክፍል ጩኸት ሰምቶ ጠራኝ። በሩን ገርበብ አድርገን በስልክ መብራት አየን። አራት ናቸው። እርጥብ ካርቶን ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ተኝተዋል። ዓይናቸው ተገልጧል፤ ጆሯቸው ግን ገና ቀጥ ብሎ አልቆመም። የድመት ግልገል ዓይን የሚገለጠው በአንደኛውና በሁለተኛው ሳምንት መካከል ስለሆነ፣ ሁለት ሳምንት ቢሞላቸው ነው ብዬ ገመትኩ።

እንዲህ ሲገጥም መጀመሪያ የሚደረገው አለመንካት ነው። ሰው ያዝንና ቶሎ ያነሳቸዋል። እናት ድመት ግን ምግብ ፍለጋ ለሰዓታት ትጠፋለች። ቦታ ስትቀይርም አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ነው የምታመላልሳቸው። «ተጥለው አገኘኋቸው» የሚባልላቸው ስንት ግልገሎች እናታቸው ልትመለስ መንገድ ላይ ነበረች። ሆዳቸው ሞልቶ፣ ሰውነታቸው ሞቆ፣ ጸጥ ብለው ከተኙ እናት አለች ማለት ነው። እነዚህ ግን ይጮሃሉ። ቢሆንም ራቅ ብለን ጠበቅን። ጥበቃው ወንበሩን ወደ ደረጃው አዙሮ ተቀመጠ። አልመጣችም። ሲመሽ ብርዱ ስለከፋ ወደ ቤት አስገባኋቸው።

እናቲቱ በማግስቱ ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ሞታ ተገኘች። ቁስል የለባትም። በዚያ ሰሞን ግቢው ውስጥ የአይጥ መርዝ ተበትኖ ነበር። ሐኪም ስላላያት መርዙ ነው ብዬ አልምልም። ነገሩ የሚሄድበትን መንገድ ግን አውቀዋለሁ። መርዝ የበላ አይጥ ይፈዛል፤ መሮጥ ያቅተዋል። ለተራበች እመጫት ድመት እንዲህ ያለ አይጥ ቀላል ሲሳይ ነው። እሱን ስትበላ መርዙም አብሮ ይገባል። ድመቷ ትሞታለች፤ አይጡ ይበዛል፤ መርዝ ይጨመራል።

ማን እንደበተነው ስጠይቅ «ኮሚቴው ነው» ተባልኩ። ከኮሚቴው አንዱን ስጠይቅ «ነዋሪው ጠይቆ ነው» አለኝ። ያኔ ይህን መልስ ብዙም አላሰብኩበትም። ቆይቶ ነው የመጣብኝ።

## ሲሪንጁና ሌሊቱ

የተራበ ግልገል ያየ ሰው ሁሉ እጁ የሚሄደው ወደ ላም ወተት ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን ይጎዳል። በላም ወተት ውስጥ ያለው ላክቶስ የሚባል ስኳር ለሆዳቸው ይከብዳል፣ ተቅማጥም ያመጣል። ሁለት መቶ ግራም የምትመዝን ፍጥረት ተቅማጥ ከያዛት ቶሎ ታልቃለች። ለድመት ግልገል ተብሎ የተዘጋጀ ዱቄት ወተት አለ፤ እኛ አገር ግን እንደልብ አይገኝም። ለእኔ ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ሰው ሲመጣ ትልክልኛለች። ለቤተሰብ ሽቶና ልብስ በሚታጨቅበት ሻንጣ ጥግ ላይ አንድ ቆርቆሮ የድመት ወተት ታስገባለች። እንዴት እንደማመሰግናት አላውቅም።

ከወተቱ በፊት ግን ግልገሏ ራሷ መሞቅ አለባት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሰውነታቸውን ሙቀት መጠበቅ አይችሉም። በርዷት እያለ ብትመገብ ሆዷ አይፈጭላትም። እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ይጠፋል፤ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ሞቅ ያለ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቼ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ካርቶኑ ጥግ አኖራለሁ። ሙቀቱ ሲበዛባቸው የሚሸሹበት ባዶ ጥግም እተውላቸዋለሁ።

ማጥቢያዬ ከፋርማሲ የገዛሁት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነው። በጀርባ አንጋሎ ማጥባት አይሆንም፤ ወተቱ ወደ ሳንባ ይገባል። በሆዷ አስተኝቼ፣ ራሷን በትንሹ ቀና አድርጌ፣ ጠብታ በጠብታ ነው። ከአራቱ አንዷ ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ የተቀላቀለባት ናት። ቡሬ አልኳት። ቡሬ ስትውጥ ሁለቱ ጆሮዎቿ ከፍ ዝቅ ይላሉ። የፊት እግሮቿ አውራ ጣቴን በየተራ ይጨምቃሉ። የእናቷን ጡት እየገፋች ወተት ማውረዷ ነው። ሌሊት እየተነሳሁ ያን ጆሮ ሳይ እንቅልፌን እረሳዋለሁ።

ከጠቡ በኋላ በሞቀ ውሃ የራሰ ጥጥ ይዞ ከጅራታቸው ሥር ማሸት አለ። እናት ድመት በምላሷ የምትሠራው ሥራ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያለ እሱ አይሸኑም። ከዚያ ሚዛን። በኩሽና ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጬ እያንዳንዳቸውን እመዝናለሁ። በቀን ዐሥር ግራምና ከዚያ በላይ ከጨመሩ ደህና ናቸው። ቁጥሩ ከቆመ ወይም ከወረደ ሳልውል ሳላድር ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። ቁንጫም አለ። ቁንጫ የበዛበት ግልገል ደሙ አልቆ ሊሞት ይችላል፤ ለትልልቆቹ የሚደረገው መድኃኒት ደግሞ ራሱ ይመርዘዋል። ስለዚህ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ እየለቀሙ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ መጨመር ነው።

በሌላ ጊዜ የቀበርኳቸው አሉ። እነዚህ አራቱ ግን ዳኑ። ወር ገደማ ሲሆናቸው ከሳህን መላስ ጀመሩ። ሰጋቱራ በሞላሁበት ሳፋ መጠቀምም ለመዱ።

ጎረቤቶቼ ባይኖሩ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ድመት ሰውን የምትለምደው በተለይ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የብዙ ሰው እጅ፣ የብዙ ሰው ድምፅ ከለመደች ዕድሜዋን ሙሉ አትፈራም። የፎቃችን ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበው፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠው በየተራ ያቅፏቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው እዚህ ቤት በደንብ ይታያል።

ከታች ያለችው ጎረቤቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ግን አትመጣም። ከድመት ዓይነ ምድር ስለሚተላለፈውና ጽንስ ስለሚጎዳው ተውሳክ፣ ስለ ቶክሶፕላዝማ፣ ሰምታ ፈርታለች። መፍራቷ ትክክል ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን አወራን። ድመት ተውሳኩን በዓይነ ምድሯ የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ስትያዝ፣ ለጥቂት ሳምንታት ነው። የወጣውም ወዲያው አያስይዝም፤ ቢያንስ አንድ ቀን መቆየት አለበት። በየቀኑ ከተጠረገ፣ የሚጠርገውም ሌላ ሰው ከሆነ ስጋቱ በጣም ይቀንሳል። ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣም መተላለፊያ መሆናቸውን ነገርኳት። ክትፎውን እስክትወልድ ተወችው። ከወለደች በኋላ ከግልገሎቹ አንዱን፣ ግራጫውን፣ የወሰደችው እሷ ናት።

## ስልክ ሲደወል

ግልገሎቹ የመጀመሪያ ክትባታቸውን ሲወስዱ ፎቷቸውን ለሰው ማሳየት እጀምራለሁ። ስልኩ ይደወላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ወንድ ነው ሴት?»

ሁለተኛው «ነጭ አለ?» ነው። ሦስተኛው «የፈረንጅ ድመት ነው?» ዓይኑ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ድመት የሚፈልግ ብዙ ነው። ሁለቱም ዓይናቸው ሰማያዊ ከሆኑ ነጭ ድመቶች ብዙዎቹ መስማት እንደማይችሉ ስነግራቸው ይገረማሉ። መስማት የማትችል ድመት ጥሩ ድመት ናት፤ መንገድ ዳር ባለ ቤት ግን መኪና ሲመጣባት አታውቅም። ይህን ሳያውቁ ይዘው መሄድ የለባቸውም።

አንድ ደዋይ «የጎዳና ዘር ናት፤ ሌባ ትሆናለች» አለኝ። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማሽም?» ሰምቻለሁ። ግን እኔ ያሳደግኳቸው ድመቶች ከድስት የሚሰርቁት ሲርባቸው ነው። ሰዓቷን ጠብቆ የሚያበላት ቤት ያገኘች ድመት ምጣዱ ጥግ ተኝታ ትውላለች። ያ ደዋይ ድመቷን አልወሰደም። አልተከፋሁም።

እኔም የምጠይቀው አለኝ። የአይጥ መርዝ ታስቀምጣላችሁ? ክፍለ አገር ስትሄዱ ማን ያያታል? ታስሯታላችሁ? ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስገርመዋል፤ ግን ድመትን በገመድ አንገቷን አስሮ ማኖር እዚህ ከተማ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ቀን ይህን ሳወራ ሙስሊም ጎረቤቴ ሐዲሱን ነገሩኝ። አንዲት ሴት ድመት ዘግታባት፣ ራሷ አላበላቻት፣ ወጥታም የምድርን ነፍሳት እንድትበላ አልለቀቀቻት፣ ድመቷ ሞተችና ሴትዮዋ በዚህ ምክንያት ተቀጣች። ከዚያ ወዲህ ስለ ገመድ ስጠይቅ ድምፄ ጠንከር ይላል።

ነጩ ወንድ መጀመሪያ ሄደ። ጥቁሩን ማንም አልፈለገውም፤ ጥቁር ድመት ገድ የለውም ይላሉ። በመጨረሻ የግቢው ጥበቃ ራሱ ወሰደው። ያን ምሽት ወንበሩን አዙሮ የጠበቀ ሰው ስለሆነ ማንንም ያህል አመንኩት። ቡሬ ቀረች። ሦስት ቀለም ያላት ድመት ሴት ናት ማለት ነው። ቀዩንና ጥቁሩን ቀለም የሚወስነው ዘረመል ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ ሁለት ኤክስ ያስፈልጋል፤ ሁለት ኤክስ ያላት ደግሞ ሴቷ ናት። እንዲህ ያለ ወንድ እጅግ አልፎ አልፎ ነው የሚወለደው። ስለዚህ ፎቶዋን አይተው የሚደውሉ ሰዎች «ይቺ ቆንጆዋ ወንድ ናት?» ሲሉኝ መልሱን አውቀዋለሁ። ቀጥሎ የሚመጣውንም አውቀዋለሁ። «አይ፣ ሴት ትወልዳለች፤ ማን ያሳድጋል?»

## ሽሮ ሜዳ

ጥቅምት ላይ የሥራ ባልደረባዬ «ድመት የሚፈልጉ አንዲት እናት አሉ፤ ግን ለአይጥ ነው» አለችኝ። «ለአይጥ ነው» ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ለጨዋታና ለፍቅር የሚፈልጓትን ብቻ የምመርጥ መስሏታል። እኔ ግን ቡሬን በቅርጫት ይዤ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ።

ልጃቸው ሸማኔ ነው። ከመኝታ ቤቱ ጋር የተያያዘች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥጡ፣ ድውሩ፣ ተሠርቶ ያለቀው ነጠላ ተደራርቦ ይቀመጣል። እሳቸው ይፈትላሉ፤ ልጃቸው ይሸምናል። አንድ ነጠላ ዘርግተው አሳዩኝ። ጥለቱ መሀል ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ጠርዙ ተበጣጥሶ ተንጠልጥሏል። «የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ በአንድ ሌሊት» አሉኝ። ነጠላውን መልሰው ሲያጥፉ ቀዳዳውን ወደ ውስጥ አደረጉት።

ቡሬ ከቅርጫቱ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው እንዝርቱን ነው። እሳቸው ሲያሾሩት ጎንበስ ብላ ጠበቀች፤ ወደ መሬት ሲወርድ ዘላ በሁለት እጇ ያዘችው። ክሩ ተበጠሰ። እሳቸው አልተቆጡም። ክሩን በምራቃቸው አርሰው ቀጠሉና «እጅ አላት» አሉ።

ስለ መርዙ ጠየቅኳቸው። «የልጅ ልጆች ያሉበት ቤት መርዝ? እግዜር ያውጣኝ።» ስለ ገመድ ጠየቅኳቸው። «ታስራ ምኑን ትይዘዋለች?» አሉኝ። ጥያቄዬን ስጨርስ ተራው የእሳቸው ሆነ።

«ምን ለምዳለች?»

«ሳንባ ቀቅዬ፣ ዶሮ ሲኖር ዶሮ፣ ዓሣም...»

«ጾም ሲገባስ? ኅዳር ሲጋመስ ይገባል። ከዚያ ደግሞ ሁዳዴ አለ፤ ሃምሳ አምስት ቀን።»

ይህን ጥያቄ ያቀረበልኝ ሌላ ሰው የለም። በጣም ደስ አለኝ። ድመት ሽሮና እንጀራ ብቻ እየበላች መኖር እንደማትችል ነገርኳቸው። ታውሪን የሚባል ነገር ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። ትንሽ አሰቡ።

«ነነዌ ላይ ከብቱም በጉም ጾሟል» አሉ። «እሱ ግን ሦስት ቀን ነው፤ ያውም በንጉሥ አዋጅ። እኔ ንጉሥ አይደለሁ። እኔ እጾማለሁ፤ እሷ ትበላለች። ሁዳዴ ሥጋ ቤቶቹ ሲዘጉ ከታች ከሙስሊሞቹ ሳንባ አስገዛላታለሁ።»

በልቤ ጨርሻለሁ። ቡሬ እዚህ ትቀራለች። ያኔ ነው ደስ ብሏቸው «እንግዲህ ትውለድልን። ሦስት መልክ ያላት ሴት እንደሆነች አውቃለሁ። ለጎረቤትም እንሰጣለን» ያሉት።

ቡናዬን አስቀመጥኩ። «እማማ፣ እኔ ሴት ድመት ስሰጥ አንድ ቃል እቀበላለሁ። አምስት ወር ሲሞላት ሐኪም ቤት ሄዳ እንዳትወልድ ትደረጋለች።»

እንዝርቱ ቆመ። «ሳትወልድ? አንድ ጊዜም ሳትወልድ?»

«አንድ ጊዜም።»

«ብዙ ተባዙ ያለውን ጌታ እኔ ልከልክለው?»

የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ድመት ከአራት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ነው። የወለደቻቸውን እያጠባች ደግማ ልታረግዝ ትችላለች። ቀድማ የመከነች ድመት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በእጅጉ ይቀንሳል። አይጥ ማደኗንም አትተውም፤ ማደን ከመውለድ ጋር የተያያዘ አይደለም። ሁሉንም አዳመጡ። እየነቀነቁ አዳመጡ። ፊታቸው ግን አልተለወጠም። ቡሬን ይዤ መመለስ እንዳለብኝ ገባኝ፤ ቅርጫቱንም ሳብ አደረግሁት።

እሳቸው ግን ወሬያቸውን ከሌላ ቦታ ጀመሩ። «ድሮ አንዲት ድመት ነበረችን። ስትወልድ ስትወልድ ቤቱ ሞላ። ጎረቤት በቃኝ አለ። ከዚያ ወዲህ የሚወለዱትን ለጎረምሳ ሳንቲም እየሰጠሁ በጆንያ ወንዝ አሻግራቸው ነበር። እናታቸው ቤቱን እየዞረች ትጮሃለች። ሦስት አራት ቀን ትጮሃለች። እኔ ጆሮዬን በነጠላ ሸፍኜ እተኛለሁ።» እንዝርቱን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ያም ኃጢአት ነው፤ ይኼም ኃጢአት ነው። የትኛው ያንሳል፣ አንቺ ልጄ?»

የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። «እኔ አላውቅም፣ እማማ። ግን እርስዎ አይያዙት። ጊዜው ሲደርስ እኔ መጥቼ እወስዳታለሁ። እኔ አሳክሜ እመልሳታለሁ።»

ያኔ ነው መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን ያሉኝ።

## በማን እጅ

ባዶውን ቅርጫት ጭኔ ላይ አድርጌ ስመለስ ከመረጃዎቼ አንዱም እንዳልሠራ አሰብኩ። እሳቸውን ያንቀሳቀሳቸው የካንሰሩ ነገር አልነበረም፤ የወራቱም ስሌት አልነበረም። ነገሩን የሚሸከምላቸው ሰው መገኘቱ ነው። ወንዙን ለሚያሻግረው ጎረምሳ ሳንቲም ሲሰጡ የኖሩትም እጃቸው እንዳይነካው ነበር። ግን ያ አላሳረፋቸውም። ለስንት ዓመት ያችን እናት ድመት ሲሰሟት ኖረዋል።

የግቢያችን መርዝ ትዝ አለኝ። ኮሚቴው ነዋሪው ጠይቆ ነው ይላል፤ ነዋሪው ኮሚቴው ነው ይላል። በሰፈራችን ድመት የገደለ ሰው የለም። ጆንያውን የያዘው ልጅ ነው፤ ልጁ ደግሞ የታዘዘ ነው። የገጨው መኪናም አልፎ ሂያጅ ነው። ግልገሎቹ ግን ይሞታሉ። እኚህ እናት ከሁሉም የሚለዩት በዚህ ነው። ሸክሙ እንዳለ አመኑ። የማን እንደሚሆንም ፊት ለፊት ተናገሩ። እኔ ደግሞ እሺ አልኩ።

እሺ ማለቴን ቀላል አድርጌ ማየት አልፈልግም። በስልክ «እንድትመክን ይደረጋል» ብዬ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የቅጽ ጥያቄ ይመስላል። ለእሳቸው ግን አንዲት ፍጥረት እናት ሳትሆን መቅረቷ ነው፤ ልጅ ወልደው ላሳደጉ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ኃጢአት ነው ብዬ አላምንም። ግን ድመቷን የጠየቃት የለም። ሆዷን ለማስከፈት የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ያወጣሁት ምክንያት ገና ያልተወለዱ፣ ጆንያ ውስጥ የሚገቡ ግልገሎች ናቸው። ይህን ሁሉ አስቤም ውሳኔዬ አልተለወጠም። አሁን ግን ሴት ድመት ስሰጥ ቃሉን ቶሎ ቶሎ ብዬ አላልፈውም። ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ። የሚከብዳቸው ከሆነ «በእኔ እጅ ይሁን» እላለሁ። ይህን ስል ቀጠሮውን፣ ትራንስፖርቱን፣ ወጪውን፣ አደጋም ከደረሰ እሱን መያዜ ነው። ማደንዘዣ ያለበት ማንኛውም ቀዶ ጥገና ትንሽም ቢሆን ስጋት አለው። እሱንም አልደብቃቸውም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ለምን እንዲህ ትደክሚያለሽ፤ እምቢ ካሉ ሌላ ሰው ፈልጊ» ይሉኛል። ሌላ ሰው ማግኘት እችል ይሆናል፤ ሐኪም ቤት ራሱ የሚወስዳት፣ መስኮቱ መረብ ያለው፣ የውጭ አገር የድመት ምግብ የሚገዛ። ግን እዚህ ከተማ ድመት ያለበት ቤት አብዛኛው የእማማን ቤት ይመስላል። አይጥ አለ፤ ልጆች አሉ፤ ጾም አለ፤ እግዜርን መፍራት አለ። እነዚህን ቤቶች ትቼ የት ነው ቤት የምፈልገው?

ታኅሣሥ ላይ ሄድኩ። ሰውነቷ ሞልቷል፤ ጅራቷን አቁማ ተቀበለችኝ። ሐኪሙ ከማታ ጀምሮ እንዳትበላ ብሎ ስለነበር ቀድሜ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። የገና ጾም ላይ ናቸው። «ዛሬስ አብረን ጾምን» አሉኝ። ቅርጫቱ ውስጥ የገዛ እጃቸው ፈትል የሆነ ቁራጭ ጨርቅ አነጠፉላት። ሐኪም ቤት ድረስ ግን አልመጡም። እንዲመጡም አልጠየቅኳቸውም።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ቁስሉ እስኪደርቅ እኔ ዘንድ ትቆይ ብዬ አስቤ ነበር። እሳቸው እምቢ አሉ። «ታማ በሰው ቤት?» አሉኝ። እንዳትዘል፣ ስፌቱን እንዳትልስ፣ እንዴት እንደሚጠብቋት፣ በቤት ያለ የሰው ማስታገሻ በተለይ ፓራሲታሞል ፈጽሞ እንዳይሰጧት አስረዳኋቸው። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ሲፈትሉ ከጎናቸው አስተኝተው ጠበቋት። ስፌቱን ሊያይ የሄደው ሐኪም በጣም ጥሩ ነው አለ።

ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር። ነጠላዎቹ ደህና ናቸው። ስለ ቡሬ ግን ብዙም አላወሩኝም፤ የደወሉት ለሌላ ጉዳይ ነው። አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው ሁለት ሴት ድመቶች አሏቸው። ነገሩን ያስረዷቸው፣ ያሳመኗቸውም እማማ ራሳቸው ናቸው፤ እንዴት እንዳሳመኗቸው አልነገሩኝም። ሐኪሙ ሁለቱ በአንድ ቀን ከመጡ ዋጋ እቀንሳለሁ ብሏል። ቅዳሜ ጠዋት እወስዳቸዋለሁ። ያለኝ ቅርጫት አንድ ስለሆነ ክዳን ያለው ሁለተኛ የሚያውሰኝ ሰው እየፈለግሁ ነው።